የሁለት ሊትር ሃይላንድና የጆርጅ ዴቪስ ማማ

ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጉዳዩ፦ ለኬሚስትሪ የተግባር ሥራ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ይመለከታል

ውድ ወላጆች፣

ልጆቻችሁ በዚህ ሳምንት ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ የሽምብራ መጠን ያለው ነጣ ያለ ጠጠርና ትንሽ የቀይ ሥር ውሃ ይጠይቋችኋል። ዕቃው የሚፈለገው የኬሚካል ምህንድስና ፈር ቀዳጅ የሆነውን የእንግሊዛዊውን የጆርጅ ኤድዋርድ ዴቪስን (እ.ኤ.አ. 1850–1907) ሥራ በእጃቸው ሠርተው እንዲያዩት ነው።

ዴቪስ የሶዳ (ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ የሚሆን ኬሚካል) ፋብሪካዎች የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነበር። በዘመኑ ሶዳ ለመሥራት መጀመሪያ ጨው ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ይሞቃል። 100 ኪሎ ጨው ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ 62 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ በጭስ ማውጫ ሲለቀቅ የአካባቢውን ዛፍና ሰብል ያደርቃል። የእንግሊዝ የ1863ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ቢያንስ 95 ከመቶው ተይዞ እንዲቀር አስገደደ። የሚያዘውም በማማ ነው፦ ውሃ ከላይ ይንጠባጠባል፣ ጋዝ ከታች ይገባል፣ መሃሉን የሞላው ኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ቀዳዳ የበዛበት ማገዶ) ደግሞ ውሃውን በስሱ ዘርግቶ ከጋዙ ጋር ያገናኘዋል።

ዴቪስ ከፋብሪካ ፋብሪካ ሲዞር ምርቱ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ መሆኑን አስተዋለ፦ ማትነን፣ ማጣራት፣ ማድረቅ፣ ጋዝን በውሃ መያዝ። ይህን በማንችስተር በ12 ትምህርቶች አስተማረ፤ በ1901ም በመጽሐፍ አወጣው። እኛ ከሁሉ የምናስበልጠው ግን በጥቂት ግራም የተሞከረ ነገር ለፋብሪካ መሥሪያ እንደማይበቃ፣ በጥቂት ኪሎ መሞከር እንዳለበት ማሳሰቡን ነው። ስፋቱም ቁመቱም 10 እጥፍ ያደገ ጋን የሚይዘው 1000 እጥፍ ሲሆን ሙቀት የሚያስወጣው ገጹ ግን 100 እጥፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በብልቃጥ በቶሎ የበረደው በጋን ውስጥ ሊግል ይችላል።

ልጆቹ በሃይላንድ የሚሠሩት የትንሹ ማማ አሠራር ቀላል ነው። የሃይላንዱ ቂጥ ይቆረጣል፣ ክዳኑ በሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ይበሳል፣ ተገልብጦ በጠጠር ይሞላል። ቀይ ሥሩ በአንድ ነጥብ ብቻ ከፈሰሰ በአንድ ጎን ይወርድና ሌላው ጠጠር ደረቅ ይቀራል፤ በእውነተኛ ማማ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ደረቅ ጎን ነው። መድኃኒቱ ከላይ ሌላ የተበሳ ክዳን አድርጎ ውሃውን መበተን ነው። በኃይል ከተጨመረ ደግሞ ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ይሞላና ለጋዝ መንገድ አይኖርም። አሸዋ አትላኩ፤ ውሃ ቋጥሮ ያንኑ ችግር ያመጣል። ጠጠሩም ይታጠብ፣ ጭቃው ቀዳዳ ይደፍናል።

ሙከራው በውሃ ብቻ ስለሆነ አሲድ አያስፈልግም። ልጆቹ ቤት ውስጥ በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር እንዳይቀላቅሉ አደራ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ዕቃው እስከ ዓርብ ይድረሰን።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር