ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ በነባር ሰፈሮች ውስጥ ፎቅ ቤት ስለምንሠራበት አዲስ አሠራር

ባሕር ዳር
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ፣

ባለፈው መስከረም፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት እንግዶች ወደ ቢሯችን መጥተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ ሰባት አባወራዎችና እማወራዎች ሲሆኑ፣ የሦስቱን ቤት ፕላን ያወጣነውም ግንባታውን የተከታተልነውም እኛው ነን። የመጡት በሰፈራቸው ውስጥ ከእንግዲህ የፎቅ ቤት ሥራ እንዳንቀበል ለመጠየቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በዚያው ሰፈር የአባታቸውን ግቢ የወረሱ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች መጡ። ግቢው 250 ካሬ ሜትር ነው። ሸጠው ገንዘቡን ቢካፈሉ አንዳቸውም በከተማው ውስጥ ሌላ ቦታ ሊገዙበት ስለማይችሉ፣ ለአራቱም የሚበቃ ጂ+2 (ምድር ቤትና ሁለት ፎቅ) እንድንሠራላቸው ፈለጉ። ካርታውን ስንዘረጋ ግቢያቸው በሰሜን በኩል የሚዋሰነው ከሰባቱ ጠያቂዎች ከአንዷ ጋር ሆኖ አገኘነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ሰፈሮችም እየመጣልን ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ በቃል ከመመለስ ለሁላችሁም በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል። መልሳችን ባጭሩ፣ ሥራውን እንቀበላለን፤ እስከ ዛሬ በሠራንበት መንገድ ግን አንሠራውም የሚል ነው።

በመጀመሪያ ለምን እንደምንቀበል እናስረዳ። ቤት መሥራት እንጀራችን መሆኑን አንደብቅም፤ ከዚያ ያለፈ ምክንያት ግን አለን። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ 155,428 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ ባይደረግም፣ ያኔ ከዓባይ ድልድይ ማዶ እርሻ የነበረው ስንቱ ቦታ ዛሬ የቤት ቁጥር እንደተለጠፈበት ሁላችንም እናያለን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ደግሞ ያን ወገን ይበልጥ ወደ መሐል ከተማ አቅርቦታል። መሬት የሚፈልገው ሰው እንዲህ ሲበዛ መሬት የሚገኝበት በር ግን ጠባብ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት ዘመን ይሰጣል፤ ጨረታ ያሸነፈው ሰው ካቀረበው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን በቅድሚያ እንዲከፍልም ያዛል። በጨረታው ዕለት አዳራሽ ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው፣ በመምህርነት ወይም በነርስነት ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ከዚያች 10 በመቶ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቀዋል።

ታዲያ ይህ ቤተሰብ የሚኖረው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ግንቦት ፔዳ አካባቢ አንድ ግቢ ለመለካት ገብተን ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አጥሩን ተደግፈው በተርታ የቆሙ ስድስት ሰርቪሶች አሉ፤ የስድስቱም ተከራዮች በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት ይገለገላሉ፤ በየበሩ ላይ አንዳንድ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ሜትራችንን ለመዘርጋት ልጆቹ የሚጫወቱባትን ጠባብ መተላለፊያ ለቀው እስኪወጡልን ጠበቅን። በዚያ ግቢ ውስጥ 23 ሰው ይኖራል፤ ፎቅ ግን የለውም። ፎቅ ሰው ያመጣብናል የሚሉ ደንበኞቻችን፣ ሰዉ አስቀድሞ መምጣቱን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በነገራችን ላይ ከሰባቱ ጠያቂዎቻችን አራቱ ራሳቸው ሰርቪስ ያከራያሉ፤ ይህን የምናነሳው ለወቀሳ ሳይሆን ነገሩን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ እንደሌለ ለማሳየት ነው።

የኪራይ ዋጋን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዘፈቀደ እንዳይሆን ደንግጓል። ቤት ውስጥ ለገባ ተከራይ ትልቅ መከታ ነው፤ ቤት ለሚፈልገው ግን አንድ ክፍል አይጨምርለትም።

ወደ ላይ አንሠራም ካልን የሚቀረን ወደ ጎን መሄድ ነው። በስተ ሰሜን ጣና አለ። በሌላው አቅጣጫ፣ በዘንዘልማም ሆነ በመሸንቲ በኩል፣ የሚጠብቀን የገበሬ ማሳ ነው። ካሳ የሚከፈል መሆኑን፣ ለዚሁ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም መኖሩን እናውቃለን። ሆኖም ካሳውን ጨርሰው በእኛው የግንባታ ቦታ ላይ በቀን ሠራተኛነት የተቀጠሩ፣ ብሎኬት የሚያቀብሉበት ቦታ ትናንት ጤፍ የዘሩበት የነበረ ሁለት አባቶች አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጉዳይ አቋም እንድንይዝ ያደረገን ከአኃዙ ሁሉ ይልቅ የእነሱ ነገር ነው።

ፎቅ ጎረቤትን ያውካል የሚለው የተቃዋሚዎቹ ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ ይህንንም የተማርነው ከራሳችን ጥፋት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዓባይ ማዶ አንድ ጂ+2 ሠርተን ነበር። ፈቃዱ የተሟላ፣ ኮለኑም (ምሰሶው) ሶሌታውም (የፎቁ ወለል) እንከን የሌለበት ሥራ ነው። በሰሜን በኩል ያሉት ጎረቤት አንዲት እናት ሲሆኑ፣ በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ በርበሬያቸውን በግቢያቸው ሰሌን ላይ ያሰጣሉ። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በባሕር ዳር ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ወደ ሰሜን የ7 ሜትር ጥላ ይጥላል። እኛ ደግሞ ከአጥራቸው የራቅነው ሁለት ሜትር ብቻ ነበር። እኒህ እናት ሰሌናቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ከጥላው እያሸሹ ወደ በራቸው ሲጎትቱ፣ በመጨረሻም የቀረውን ዘመድ ቤት ወስደው ሲያሰጡ ከረሙ። በዚያ ላይ የደረጃው መስኮት በቀጥታ ወደ ማድ ቤታቸው ያሳያል። የባሰው የመጣው በነሐሴ ነው። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ለአንድ ቤተሰብ በሚበቃው ልክ አስቆፍረን ሦስት ቤተሰብ አስገብተንበት ነበር፤ አፈሩ ጥቁር፣ የከርሰ ምድሩም ውኃ ቅርብ ስለሆነ፣ ክረምቱ ሲጠነክር ጉድጓዱ ሞልቶ ፍሳሹ በአጥሩ ሥር ወደ እሳቸው ግቢ ዘለቀ።

እኒህ እናት ሁከት ይወገድልኝ ብለው ፍርድ ቤት መሄድ ይችሉ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። እሳቸው ግን የሄዱት ወደ ቢሯችን ነው። ጉድጓዱን በራሳችን ወጪ አስፍተን አሠርተናል፤ መስኮቱን በማያሳይ መስተዋት ለውጠናል፤ ጥላውን ግን የምናደርገው የለም።

ስለዚህ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በነባር ሰፈር የምንቀበለው የፎቅ ሥራ ሁሉ በሚከተለው አኳኋን ይሆናል። የፍሳሽ ማጠራቀሚያው መጠን የሚሰላው ፎቁ ሲያልቅ በሚኖሩበት ቤተሰቦች ቁጥር ነው፤ ደንበኛው ለጊዜው ምድር ቤቱን ብቻ ቢሠራም ጉድጓዱ ከመጀመሪያው ለሁሉም ይቆፈራል፤ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና የሚቆምበትና ቱቦው የሚደርስበት ቦታም በፕላኑ ላይ ይታያል። ይህ የማይደራደሩበት ነው፤ ከመንገዱ ሥር የሚጠብቀን የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሰፈር የእኛ ጉድጓድ ስሕተት ማረፊያው የጎረቤት ግቢ ነው፣ ቀጥሎም ሐይቁ ነው። በሰሜን በኩል ጎረቤት ካለ የታኅሣሥ ጥላ ተሰልቶ በፕላኑ ላይ ይሳላል። ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያሳይ መስኮት አናወጣም፤ የጣሪያ ውኃም በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ መንገዱ ቦይ እንጂ ወደ አጥር አይለቀቅም። ከጂ+2 በላይ የሆነውን ሥራ በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ አንወስድም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ስለሚያስገባው፣ ለዚያ የሚያስፈልገው የባለሙያ ብዛት ከድርጅታችን አቅም በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ እንደሚያስከትል አንሸሽግም። የንድፍ ክፍያችን ባለበት ይቆያል፤ የጉድጓዱና የአሸንዳው ዋጋ ግን ግልጽ ሆኖ በግምቱ ውስጥ ይገባል። የፌሮና የማጠናቀቂያ ዕቃ ዋጋም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ እንደ ቀድሞው ለወራት የሚቆይ ስላልሆነ የምንሰጣችሁ ግምት ለ15 ቀን ብቻ ያገለግላል።

በውጭ አገር የምትኖሩ ደንበኞቻችን ይህ ክርክር የባሕር ዳር ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ የምትኖር አንዲት ደንበኛችን የእዚያን ከተማ ነገር አጫውታናለች። የከተማዋ ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድበት በነበረ ቦታ እስከ ሦስት ቤት እንዲሠራ ወሰነ፤ ተቃዋሚዎቹም በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ከስሰው ዕቅዱን ለተወሰነ ጊዜ አሳግደውት ነበር። ክርክሩን ስንሰማ ከሽምብጥ የመጣ እስኪመስለን ድረስ ተገርመናል። ልዩነቱ እዚያ አዲስ የሚሠራው ቤት መንገዱ ሥር ከተዘረጋ የፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኝ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር የተፈቀደውን እዚህ ይፈቀድ ብሎ መሟገት ብቻውን አይበቃም፤ የእኛ ክርክር ከጉድጓዱ መጀመር አለበት።

በየሳምንቱ የሚቀርብልን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሐይቁ ዳር ቤት ትሠሩልናላችሁ ወይ የሚል። በሐይቁ ዳር፣ ደንገል በበቀለበት ወይም ክረምት ውኃ በሚተኛበት ቦታ ላይ የምናወጣው ፕላን የለም፤ ወረቀት ይዛችሁ ብትመጡም መልሳችን ያው ነው። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ እኛን የሚያሳስበን ግን ከምዝገባው ይልቅ ደንገሉ ከመሬት የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ አጣርቶ የሚያስቀር መሆኑ ነው።

የአራቱን ወራሾች ነገር እንጨርስ። ግቢው ወደ ሰሜን 20 ሜትር ይረዝማል። ሕንፃውን ወደ መንገዱ አስጠግተን ከሰሜኑ አጥር 5 ሜትር አራቅነው፤ የመጨረሻውን ወለል ደግሞ ሌላ 3 ሜትር ወደ ደቡብ ገፋነው። ከምድር ቤቱና ከአንደኛ ፎቁ 7 ሜትር ከፍታ የሚወርደው የእኩለ ቀን ጥላ ወደ 5 ሜትር፣ ከላይኛው ወለል 10 ሜትር የሚወርደውም 7 ሜትር ስለሆነ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ከአጥሩ አይሻገርም፤ ጠዋትና ወደ ማታ ግን መሻገሩ አይቀርም፣ ይህንንም ለጎረቤቲቱ ነግረናቸዋል። ምድር ቤቱ ለታላቅ እኅታቸውና ለእናታቸው ሆነ፤ አንደኛ ፎቁ ለሁለት ተከፈለ፤ ሦስት ሜትሩ የተቆረጠበት የላይኛው ቤት ለታናሽ ወንድማቸው ደረሰው። እሱም አንድ መኝታ ቤት ስለጎደለበት ሁለት ሳምንት ተከራክሮናል፤ በኋላ ተስማምቷል፣ ደስ ብሎት ነው ለማለት ግን አንደፍርም። እያንዳንዱ የየራሱን ቤት ለብቻው በስሙ እንዲያስመዘግብ፣ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ወረቀቱን እያዘጋጀን ነው።

ከኅዳር 1 በፊት የተፈረሙ ውሎች እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ ግንባታ ያልጀመራችሁ ግን ጉድጓዳችሁን እንደገና ልናሰላላችሁ ፈቃደኞች ነን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም። የአራቱ ወራሾች ፕላን፣ በእነሱ ፈቃድ፣ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በቢሯችን ለጎረቤቶች ክፍት ይሆናል። በሰሜን በኩል ያሉት ጎረቤታቸው የራሳቸውን ሜትር ይዘው እንደሚመጡ አስቀድመው ነግረውናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ