የለምጽ ቅባት ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

«ለምጽን በአንድ ወር ድራሹን የሚያጠፋ» የሚባል ቅባት በየማስታወቂያው በዝቷል። ለምጽ በአንድ ወር የሚጠፋ ሕመም አይደለም። ስሙ ያልተጻፈ ቅባት ውስጥ ደግሞ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ሊኖር ይችላል። ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ሲቀቡት ቆዳው ይሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፤ ዓይን አካባቢ ከሆነም ግላኮማ ለሚባለው፣ የዓይን ግፊት ጨምሮ እይታን ለሚጎዳ ሕመም ያጋልጣል።

ለምጽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። ስለዚህ በመጨባበጥ፣ አንድ ገበታ ላይ በመብላትም ሆነ በልብስ አይተላለፍም። ከ200 ሰው ከአንድ እስከ አራት በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ግማሽ ያህሉን የሚጀምራቸው ከ20 ዓመታቸው በፊት ነው፤ ሰው ጓደኛ በሚያበጅበትና ትዳር በሚያስብበት ዕድሜ ማለት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ እጃቸውን ለሰላምታ ለመዘርጋት የሚሳቀቁ ብዙ ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ «በዘር ይተላለፋል» ብሎ ትዳር ማፍረስም ትልቅ በደል ነው፤ ለምጽ ካለባቸው ወላጆች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች አይይዛቸውም።

ከሥጋ ደዌ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። የሥጋ ደዌ ምልክት እንደ ወተት አይነጣም፤ ደብዘዝ ወይም ቀላ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይደነዝዛል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቦታውን በጥጥ ጫፍ ንኩት። ለምጽ ከሆነ ንክኪው ይሰማዋል። ካልተሰማው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሥጋ ደዌም ቢሆን በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል።

ሕክምናው ገና ሲጀምር ቢደረግ ይሻላል። ፊት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 0.1 ከመቶ ታክሮሊመስ የተባለ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ቆዳን አያሳሳም። ለሌላው አካል ሐኪም የሚያዘው ስቴሮይድ መጠኑና ጊዜው የተወሰነ ነው። ከአዋቂ ሰው አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ከነጣቶቹ ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። ሰፋ ላለ ለምጽ የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር የሆነ፣ ዩቪቢ የተባለ የአልትራቫዮሌት ጨረር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ወር ሞክሮ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ቢያንስ ሦስት ወር፣ አብዛኛውን ጊዜም ስድስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ነጩን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከፀጉሩ ሥር ዙሪያ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦች ብቅ ካሉ ቀለሙ እየተመለሰ ነው። ፀጉሩ ራሱ ከነጣ ግን ቀለም የሚያመነጩት የመጠባበቂያ ሕዋሳት ስላለቁ ይከብዳል። ፊት ቶሎ ይመልሳል፤ የጣት ጫፍ፣ ከንፈርና እግር ያስቸግራሉ። ይህን አስቀድሞ መንገር የሐኪም ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

ቆዳን የሚፍቅ ነገርም አዲስ ነጭ ቦታ ያወጣል፦ ጠባብ ጫማ፣ የጠበቀ ቀበቶ፣ ገላን በሻካራ ነገር መፈግፈግ። ነጩ ቦታ በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ጃንጥላ ወይም የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ያስፈልገዋል። የታይሮይድ ሕመም አብሮ ሊመጣ ስለሚችል የደም ምርመራ ማድረግም ይጠቅማል።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው፤ የለምጽ ቅባት ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ የመድኃኒቱን ስም፣ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ከነመቶኛው፣ አምራቹንና በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ። ይህን ማቅረብ ያልቻለ ሻጭ ማስታወቂያው አይውጣለት።

የቆዳ ሕክምና ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ