ሁለተኛው ጆይስቲክ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራው በዝቷል፣ ግን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለህ እንደምትዘጋው አውቃለሁ። ደብዳቤ «እሺ» ተብሎ አይዘጋም።

እናትህ ደውላልኝ ነበር። ልትከስህ አይደለም። ስለ ጌም ውድድሩ ነበር የምታወራው። ሁለት ሳምንት እንደቀረህ፣ ሌሊት ሌሊት እንደምትለማመድ፣ በደንብ እንደማትተኛ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ትንሿ ግን ከእሱ ጋር መጫወት ትታለች» አለችኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። «እንጃ፣ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ተነሳች፤ ከዚያ ወዲህ አልነካችውም» አለች። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

የቀረውን ከእህትህ ሰማሁ። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ ጨምቄ ያወጣሁት። የድብድብ ጌሙ ስትሪት ፋይተር 6 ላይ ሞደርን የሚባለውን፣ ልዩ ምት በአንድ ቁልፍ የሚወጣበትን ቀላሉን አጨዋወት ነበር የምትጠቀመው። አንተ «እሱ ማጭበርበር ነው፣ በክላሲክ (በከባዱ) ካልሆነ አልጫወትም» አልካት። እሺ ብላ ቀየረች። ከዚያ ባለታሪኳን ጥግ አስገብተህ ወረወርካት። ስትነሳ ደግመህ ወረወርካት። ስትነሳ ደግመህ። ስንት ራውንድ በተከታታይ እንደተሸነፈች እሷ ቆጥራለች። አንተ ቆጥረሃል?

«ያልተፈቀደ ነገር አላደረግኩም» ትለኛለህ። እውነት ነው፣ አላደረግክም። ውርወራ የተሠራው ዝም ብሎ ብሎክ ለሚያደርግ፣ ምቱን እየመከተ ለሚቀመጥ ሰው መልስ እንዲሆን ነው። እሱ ባይኖር ሁሉም ቁጢጥ ብሎ ሰዓቱን ይጨርስ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ሁለተኛው ጆይስቲክ ባዶውን እንዳይቀር።

አጎትህን «ጌም አይወድም» እያልኩ ነው ያሳደግኳችሁ። ውሸቴን ነው። ከእኔ በላይ ይወድ ነበር።

ስትሪት ፋይተር 2 በፈረንጆቹ 1991 ወጣ። በሱፐር ኒንቴንዶ ሰው ቤት መግባት የጀመረው በ1992 ነው። እኛ ጋ ሲደርስ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ስምንት። ሁልጊዜ ብላንካን ነበር የሚመርጠው። አረንጓዴውን፣ ጸጉሩ የተንጨባረረውን። የቡጢውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ስትጠቀጥቀው ብላንካ መላ ሰውነቱ መብረቅ ይሆናል። ይህን ማንም አላሳየውም። ራሱ አገኘው። እሱ የሚያውቀው መጠቅጠቅ ብቻ ነበር፤ ጌሙ ደግሞ ለጠቅጣቂ የሚሆን ስጦታ አስቀምጦለት ቆየው። የሆንዳ የጥፊ ናዳ፣ የቹን ሊ የካልቾ ናዳም እንደዚያው ቁልፍ በመጠቅጠቅ የሚወጡ ነበሩ። አሁን ሳስበው ያንን የሠሩት ሰዎች የገባቸው ነገር አለ። ልጅ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ «አየኸኝ? አየኸኝ?» ብሎ የሚጮህበት አንድ ነገር ይፈልጋል። (እናትህ በቴክን 3 ኤዲን ይዛ፣ ካልቾ ብቻ እየጠቀጠቀች ያደረገችኝን ታውቃለህ። ስለሱ አናወራም።)

እኔ ጋይልን ያዝኩ። ዱላውን ወደኋላና ወደታች ይዘህ ቁጢጥ ትላለህ። እየተከላከልክ ነው፤ ሁለቱ ኃይሎችህም በዚያው እየተጠራቀሙ ነው። ወደፊትና ቡጢ፣ ሶኒክ ቡም ይሄዳል። ዘሎ ከመጣብህ ወደላይና ካልቾ፣ ፍላሽ ኪክ ይቀበለዋል። ወንድሜ መብረቁን ሲያበራ እኔ ከሩቅ ሶኒክ ቡም እልክበታለሁ። መብረቁ አያስጥለውም። ሲዘል በካልቾ አወርደዋለሁ። ይህቺን ዘዴ ካገኘሁ በኋላ አንድም ራውንድ አልተሸነፍኩም።

አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሮ «ለምንድነው መብረቄ የማይሠራው?» አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። መብረቁ አጠገቡ ለሚደርስ ነው፤ ከሩቅ የሚላከውን ዝለለው ወይ ብሎክ አድርገው። ይሄው ነው፤ ተናግሬ ለመጨረስ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። አልነገርኩትም። «አትችልም በቃ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ተጫወተ። ከዚያ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። አልተቆጣም። አላለቀሰም። እኔ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻዬን ቀጠልኩ። ጋይሌ በጣም ጎበዝ ሆነ። አጠገቤ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። አጎትህ ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር፣ ምንም ጌም ሲጫወት አይቼው አላውቅም። አንተ ልጅ ሆነህ «ና እንጫወት» ስትለው «ዓይኔን ያመኛል» የሚልህ ትዝ ይልሃል? ዓይኑን አያመውም።

ስለዚህ እናትህ ስትነግረኝ እጄ ቀዘቀዘ።

ሳልረሳው፤ ከልምምድ በፊት የእጅ አንጓህንና ጣቶችህን አፍታታ። በየሰዓቱ ተነስና ተንቀሳቀስ። ካመመህ አቁም፤ «ትንሽ ነው» አትበል። ለውድድሩ የራስህን ጆይስቲክ ይዘህ ሂድ፣ ገመዱንም ጨምር። ገመድ አልባውን የምትጠቀም ከሆነ ጨርሰህ ስትነሳ ከማሽኑ ጋር ያለውን ግንኙነት አጥፋ። አለዚያ ቦርሳህ ውስጥ ሆኖ ተነክቶ የሌላውን ሰው ጨዋታ ፖዝ ያደርግብሃል። እና ተኛ። የደከመ ጣት ምንም አያወጣም።

አትወዳደር የምልህ እንዳይመስልህ። ተወዳደር። ማሸነፍ ደስ ይላል፤ ደስ አይልም የሚልህን አትመን። የ2004ቱን የኢቮ፣ የትልቁን የድብድብ ጌም ውድድር፣ ቪዲዮ አብረን ስንት ጊዜ አየነው? ዳይጎ ኡሜሃራ የያዘው ባለታሪክ፣ ኬን፣ ላይፉ ጥፍር ታህል ቀርታለች። ተጋጣሚው ጀስቲን ዎንግ የቹን ሊን ሱፐር፣ ትልቁን ምቷን፣ ይለቅበታል። ብሎክ ቢያደርግም ይሞታል፤ ብሎክ የተደረገ ሱፐርም ላይፍ ይሸርፋልና። እሱ ግን እያንዳንዷ ምት ልታርፍ ስትል ዱላውን ወደፊት እየነካ 15ቱንም ፓሪ አደረጋቸው፤ ላይፉ ሳይነካ መከታቸው። ከዚያ መልሶ መትቶ ራውንዱን ወሰደ። አንተ ሁልጊዜ የምታደንቀው ጣቱን ነው። እኔ የምሰማው ሕዝቡን ነው። ከዚያ ከሚጮኸው ሰው ስንቱ ነው ያንን ራሱ ማድረግ የሚችለው? ግን ሁሉም ገብቶታል። ላይፉ አልቋል፣ ካልቾው እየዘነበ ነው፣ ሰውየው አልወደቀም። እህትህም ስታየው ገብቷታል፤ ከሶፋው ዘላ ተነስታ ነበር። ጥልቅ ነገር እንዲህ ለማያውቀውም ሲታይ ነው የሚያምረው።

ሌላም ልንገርህ። ዳይጎ በዚያ ጌም ዋንጫውን አልወሰደም፣ ሁለተኛ ነው የወጣው። ይህን ማን ያስታውሳል? የሚታወሰው ያቺ ቅጽበት ናት። ለቅጽበቷ ደግሞ ሁለት ሰው አስፈልጓታል። ጀስቲን ዎንግ ከጎኑ ባይቀመጥ ዳይጎ ምኑን ፓሪ ያደርግ ነበር?

አሁን ወደ ሞደርኑ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ተናድጃለሁ። በክላሲክ ስድስት የመምቻ ቁልፍ አለ፣ ልዩ ምት ለማውጣት ደግሞ ዱላውን ማሽከርከር አለብህ። በሞደርን ልዩ ምቱ በአንድ ቁልፍ ይወጣል። ግን ነፃ አይደለም። በአቋራጭ የወጣ ልዩ ምት ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል፣ ከመደበኛዎቹ ምቶችም አንዳንዶቹ የሉም። አቋራጩ የሚያግዘው ጣቷን ብቻ ነው። ርቀት መለካቱን፣ መቼ መጠበቅ መቼ መዝለል እንዳለባት፣ ወንድሟ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ማወቁን ማንም አያግዛትም። የጌሙ ጥልቀት ያለውም እዚያ ነው፤ አንተ ራስህ ነህ ይህን ያስተማርከኝ! በ2013 ዳይቭኪክ የሚባል ጌም ወጥቶ ነበር። ሁለት ቁልፍ ብቻ፤ አንዱ ለመዝለል፣ አንዱ ለካልቾ። አንዴ የተመታ ራውንዱን ይሸነፋል። በዚያች በሁለት ቁልፍ እንኳ ሰዎች ሲያታልሉና ሲታለሉ ይውላሉ። የጌሙ ሠሪ ካፕኮም በራሱ ውድድሮች ላይ የሚፈቅደውን አንተ ሳሎን ውስጥ ከለከልክ። ለመሆኑ ማን ሾመህ?

ይቅርታ፣ ጮህኩ።

ግን ደግሞ ወደ ሌላው ገደል እንዳትገባ። ሆን ብለህ እንዳትሸነፍላት። ታውቅብሃለች፣ ያን ጊዜ ከውርወራው የባሰ ያማታል። ስማሽ ብሮስ ሜሊ የሚባለው የድብድብ ጌም በ2001 ሲወጣ ጎበዞቹ ፍጥነቱን ሰማይ አደረሱት። በ2008 የመጣው ተከታዩ ብሮውል ለስለስ እንዲል ተደርጎ ተሠራ። ከዚያም አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ባለታሪኩ እየሮጠ ሳለ እንዲሁ በዕጣ ተደናቅፎ ይወድቃል። ምንም ሳትሳሳት። ጎበዙም ተናደደ፣ ጀማሪውም ለምን እንደወደቀ አልገባውም። በ2014ቱ ተከታይ ጌም ላይ መደናቀፉ ቀረ። መልካም አደረጉ። ጀማሪን ያስቀየመው መሸነፉ መሰለህ? ለምን እንደተሸነፈ አለማወቁ ነው። አጎትህም የጠየቀኝ ያንን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ሞደርኑን መልስላት። አንድ ነገር ብቻ አሳያት፤ ከውርወራ ማምለጥ። ልትይዛት ስትል እሷም በዚያው ቅጽበት የመወርወሪያውን ቁልፍ ከተጫነች ታመልጣለች። ትሬኒንግ ውስጥ ግባና አንተ ወርውር፣ እሷ ታምልጥ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ስለ ፍሬም አታውራላት፤ ሴኮንድ ለስልሳ ተከፍሎ ምን እንደሚሆን ሲያስፈልጋት ራሷ ትጠይቅሃለች። ከዚያ ስትጫወቱ አንተ ጨርሶ የማታውቀውን ባለታሪክ ያዝ፣ ግን ከልብህ ተጫወት። ካሸነፈችህ «ከልቤ አልተጫወትኩም» እንዳትል። እንዳትሞክራት!

ለውድድሩም ቢሆን ትጠቅምሃለች፤ ምሕረት የምታደርግላት እንዳይመስልህ። አንተ የለመድከው አንተን ከሚመስሉ ልጆች ጋር ነው። እህትህ ማንም በማይዘልበት ሰዓት ትዘላለች። ኮምቦ ራሱ እኮ ማንም አስቦበት የመጣ አይደለም። ስትሪት ፋይተር 2 ሲሠራ ምት በምት ላይ ሲቀጥል አዩትና፣ ለተጫዋች ይከብዳል ብለው እንዳለ ተዉት። ሰዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ ሲጫወቱ አገኙት። እሷም ስንት ነገር ታገኝ ይሆናል፣ ከተቀመጠች። ካባረርካት ግን ምንም። ሁለተኛው ጆይስቲክ ባዶውን እንዳይቀር ያልኩህ ለዚህም ነው። ደግሜ እለዋለሁ፤ ስመጣም ፊትህ ቆሜ እለዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ለአጎትህ ደወልኩለት። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ አወራን። ከዚያ ዝም ብዬ «ከሩቅ የሚመጣውን ዝለለው ወይ ብሎክ አድርገው፤ መብረቁ ለቅርብ ነው» አልኩት። ቀጥ አለ። የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ «አሁን ነው የምትነግረኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ቆየና «ብላንካ አሁንም አለ እንዴ?» አለኝ። አለ አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናንተ ጋ ይመጣል። ልጠይቃቸው ነው ይላል፤ አንተ ምንም እንዳታነሳበት። ማሽኑ በርቶ ይጠብቀው፣ በቃ። እህትህ ትግጠመው፣ አንተ ከኋላ ሆነህ እይ። ዝም ብለህ እይ። ሞደርን ላይ አድርግለት፤ መብረቁ በአንድ ቁልፍ ይወጣለታል፣ እንደ ድሮው ጣቱ እስኪቃጠል መጠቅጠቅ የለበትም።

ሁለተኛውን ጆይስቲክ ደግሞ ዛሬውኑ ቻርጅ ላይ ሰካው። እናትህ ባትሪው ጭልጥ ብሎ አልቋል ብላኛለች።

አባትህ