ስለ ቡና ገለፈታችን

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

«ከገለፈት የአውሮፕላን ነዳጅ ይወጣል ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ አዎ ይወጣል። ደረቅ ገለፈት በጥቂት ኦክስጅን ከ800 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ወደሚባሉ ጋዞች ይለወጣል። ጋዞቹ ተጣርተው በብረት ወይም በኮባልት ላይ ሲያልፉ ሰም መሰል ዘይት ይሰጣሉ፤ እሱ ሲጣራ የነጭ ጋዝ ዘመድ የሆነው የጄት ነዳጅ ይወጣል። ከተለመደው ነዳጅ ጋር እስከ 50 በመቶ መቀላቀል ይፈቀዳል። ገበያም አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት በኤርፖርቶቹ ከሚቀርበው ነዳጅ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2 በመቶው፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶው ዘላቂ የሚባለው፣ እንደ ገለፈት ካለ ተረፈ ምርት የሚሠራ ዓይነት ነዳጅ እንዲሆን በሕግ ደንግጓል።

እኔን የሚያሳስበኝ ማጓጓዣው ነው። ከመፈልፈያው ጀርባ ከተቆለለው አንድ እፍኝ ብትዘግኑ እንደ ላባ ይቀላል። አይሱዙ እስከ አፉ ቢሞላ የምንከፍለው ለአየር ነው። ስለዚህ እዚሁ ተጨምቆ ካልታመቀ አያዋጣም። የእሸቱ ልጣጭ ውሃ ስለሚበዛበት ለኮምፖስት ይቆይ።

ይህ እስኪሳካ ግን እባካችሁ ገለፈቱን አታቃጥሉት። መጀመሪያ ለማሳችሁ የሚበቃውን አንሱ፤ አፈራችን እንዲራቆት ፈጽሞ አልስማማም። የተረፈውን ከአፈርና ከጠጠር ለይታችሁ ሸራ አልብሱት፤ በየሳምንቱ ስንት ኩንታል እንደወጣም በመፈልፈያው መዝገብ ላይ አስፍሩ።