«ጉልበቱ ወጥቷል» ለማለት አንቸኩል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በስምጥ ሸለቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በበረታበት ሰሞን አንድ ማጽናኛ ከአፍ ወደ አፍ ይመላለስ ነበር፦ ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች የመሬቱን ጉልበት ስለሚያስተነፍሱት ትልቁ አይመጣም የሚል። ፊዚክስ አስተምራለሁና ዛሬም ከተማሪዎቼ እሰማዋለሁ። በቅን ልቦና የተባለ ነው፤ ስሌቱ ግን አይቀበለውም።

የመንቀጥቀጥ መጠን በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት 32 እጥፍ ያህል ያድጋል። መጠኑ 6 የሆነ አንድ መንቀጥቀጥ የሚያወጣውን ጉልበት ለማቃለል መጠናቸው 4 የሆኑ አንድ ሺህ ያህል መንቀጥቀጦች ያስፈልጋሉ። ደግሞስ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ5.5 በላይ የሆነው ከደረሰ በኋላ ጉልበቱ አልቆ ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት 7 ቀን 6 ገደማ የሆነው ከየት መጣ?

ዋናው ችግር ከዚህ ይጠልቃል። የመንቀጥቀጥ ሞገድ የሚነግረን መንቀጥቀጡ በተነሣበት የመሬት ስንጥቅ ላይ የነበረው ውጥረት ምን ያህል እንደቀነሰ ነው። አስቀድሞ ምን ያህል እንደነበረና ምን ያህል እንደቀረ አይነግረንም። ከባንክ የወጣውን ገንዘብ ደረሰኝ አይቶ ቀሪውን ሒሳብ እንደ መገመት ነው። ቅናሹ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 10 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ) ነው። በቤተ ሙከራ በተለካው የአለት ሰበቃ፣ ማለትም አለት በአለት ላይ እንዳይንሸራተት በሚይዘው ኃይል፣ ብንሄድ ግን፣ በ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለ አለት ወደ 100 ሜጋፓስካል የሚጠጋ ውጥረት መሸከም ይችላል፤ ስለዚህ የወጣው ከነበረው ጥቂቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስንጥቆች ሁሉ ያን ያህል ብርቱ ናቸው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን ከመታው መጠኑ 9 የሆነ መንቀጥቀጥ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ከውቅያኖሱ ወለል በታች ከ800 ሜትር በላይ ቆፍረው በስንጥቁ ላይ ከሰበቃው የቀረውን ሙቀት ለኩ። ሰበቃው ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ፣ 0.08 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዋናው መንቀጥቀጥ በኋላ የተከተሉት ብዙዎቹ ደግሞ የመሸምቀቅ ሳይሆን የመለጠጥ ምልክት አሳዩ፤ ይህም በዚያ ቦታ የነበረው ውጥረት ከሞላ ጎደል መውጣቱን ያመለክታል። «ጉልበቱ ወጥቷል» ለማለት እንዲህ ያለ ማስረጃ ይጠይቃል።

የእኛ ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል፤ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ቅልጥ አለት አለ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የቅልጥ አለት ግድግዳ ወደ መሬት ቅርፊት ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ቅልጥ አለት ብርቱ አለት እስኪሰበር ሳይጠብቅ በአነስተኛ ውጥረት ሰርስሮ ይገባል። ሲገባም በጎንና በጎኑ ያሉትን አንዳንድ ስንጥቆች ይጫናል፣ ከጫፎቹ ፊት ያሉትን ደግሞ ወደ መንሸራተት ይገፋል። የፈንታሌውም መንቀጥቀጥ በዋናነት እንዲህ ሰርስሮ በገባ ቅልጥ አለት የተነሣ ነው። አንዱ ቦታ ረገበ ሲባል ሌላው የከረረ ሊሆን ይችላልና «አካባቢው ተረጋጋ» የሚለው ጥቅል አነጋገር በአቅራቢያው ላለው የከሰም ግድብ ጠባቂ መሐንዲስም ሆነ ወደ ቀዬው ለሚመለስ ሰው አይበጅም።

ስለዚህ ከባለሙያዎች ጋር ስትነጋገሩ ውጥረቱ የት ቀነሰ፣ የት ጨመረ፣ በምን ተለካ ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱ «የመንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያው ጥቂት ስለሆነ መለየት አልቻልንም» ከሆነም እንዳለ ጻፉት፤ ተጨማሪ ጣቢያ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ቢያንስ እናውቃለን።

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዳማ