የሐዋሳው የብሊትዝ ተጫዋች፦ ውዳሴውም ወቀሳውም ያላዩት ጉዳይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በስፖርት ገጻችሁ በኢንተርኔት ፈጣን ቼዝ (ብሊትዝ) ስለሚጫወት አንድ የሐዋሳ ወጣት የሚያወሳ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር፤ በቀጣዩ እትም ደግሞ አንድ የተከበሩ አንባቢ ይህ ዓይነቱ ጨዋታ የጣት ሩጫ እንጂ ቼዝ ሊባል አይገባም የሚል አስተያየት ልከው አነበብኩ። ጽሑፋችሁ ወጣቱን ያወደሰው በሬቲንጉ፣ ማለትም የተጫዋችን ጥንካሬ በሚለካው ቁጥር ነው፤ አንባቢው የነቀፉት ደግሞ በፍጥነቱ ነው። ሁለታችሁም ጨዋታዎቹን ከፍታችሁ የተመለከታችሁ አይመስለኝም። እኔ በዚሁ ከተማ ታዳጊዎችን ቼዝ የማሠለጥን ሰው ነኝ፤ ወጣቱም ጨዋታዎቹን እንድመለከትና ስሙን ሳልጠራ እንድጽፍባቸው ስለፈቀደልኝ፣ አጨዋወቱ ምን እንደሚመስል፣ ጥንካሬው የት ላይ እንደሆነና ምን ቢያስተካክል እንደሚጠቅመው ለአንባቢዎቻችሁ ላስረዳ እወዳለሁ። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ፈጥኖ መጫወቱ ይህን ልጅ አልጎዳውም፤ የሚጎዳው ቀላሉንም ከባዱንም እርምጃ በእኩል ፍጥነት መጫወቱ ነው።

በቅድሚያ የአንባቢውን ስጋት ልመልስ። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ደንብ መሠረት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ለጠቅላላው ጨዋታ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ከተሰጠው ጨዋታው ብሊትዝ ይባላል፤ የራሱ የዓለም ሻምፒዮናም አለው። በ1970 እ.ኤ.አ. ያኔ ዩጎዝላቪያ በነበረችው፣ ዛሬ በሞንቴኔግሮ በምትገኘው ሄርሴግ ኖቪ በተካሄደ የብሊትዝ ውድድር ቦቢ ፊሸር ከ22 ጨዋታዎች 19 ነጥብ ሰብስቦ፣ ሁለተኛ የወጣውን የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሚካኤል ታልን በአራት ነጥብ ተኩል በልጦታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሬይኪያቪክ ቦሪስ ስፓስኪን አሸንፎ በረጅሙ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከ2013 እስከ 2023 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን የብሊትዙንም ዘውድ በተደጋጋሚ ወስዷል። አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራም ቢሆን በኢንተርኔት የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ስሙ የገነነ ሆኖ ሳለ፣ በረጅሙ ጨዋታም ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚሰለፍ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን ተጫዋች ያበላሻል ማለት አይቻልም። አንባቢው ልክ የሚሆኑበት ጉዳይ ግን አለ፤ እሱም በፍጥነት የተገኘ ድል የሚያስተምረው ልማድ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ልጁ አጨዋወት ስንመጣ፣ ነጭ በያዘ ቁጥር ማለት ይቻላል የሚጫወተው «ሎንዶን» የሚባለውን መክፈቻ ነው። የንግሥቷን ወታደር ወደ ዲ4 ያስኬዳል (የገበታው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ)፣ ጳጳሱን ወደ ኤፍ4 ያወጣል፣ ከዚያም ኢ3ና ሲ3 ላይ ወታደሮቹን አቁሞ መሐሉን ያጸናል። ጥቁር ሲይዝና ተጋጣሚው በኢ4 ሲጀምር ደግሞ መልሱ ካሮ ካን ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ሲ6 ቀጥሎ ዲ5 መጫወት ነው። ሁለቱም ምርጫዎች እሱ ለሚያዘወትረው፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ደቂቃ ለሚሰጥበት ጨዋታ የተመቹ ናቸው፤ ተጋጣሚው የፈለገውን ቢያደርግ የአሰላለፉ ቅርጽ ብዙም ስለማይቀየር የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል እርምጃዎች ሰዓቱን ሳይነካ ያልፋቸዋል። በዕድሜው ያሉ ብዙ ልጆች ከቪዲዮ የቀሰሙትን ወጥመድ ዘርግተው ተጋጣሚያቸው እስኪሳሳት ይጠብቃሉ፤ ይህ ልጅ ግን ያንን አያደርግም፣ ጤናማ አሰላለፍ ይዞ ወደ መሐሉ ጨዋታ ይገባል። ይህን በበጎ የምቆጥርለት ከልቤ ነው።

ሆኖም ያው አሰላለፍ እጁን ከዓይኑ አስቀድሞታል። ሎንዶንን የሚጋፈጥ ጥቁር ተጫዋች ቶሎ ሲ5 ይጫወትና ንግሥቱን ወደ ቢ6 ያወጣል፤ ነጩ ጳጳስ ከቤቱ ርቆ ስለወጣ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ አጥቶ ይቀራል። ይህ የታወቀ ፈተና ነው፤ ከታወቁት መልሶች አንዱም የራስን ንግሥት ወደ ቢ3 አውጥቶ ፊት ለፊት መግጠም ነው። ወጣቱ ይህን መልስ ያውቀዋል፤ ስጠይቀው ሳያመነታ ነግሮኛል። በጨዋታ ላይ ግን የጥቁሯን ንግሥት መውጣት ሳያስተውል የለመደውን ፈረስ ያወጣና ወታደሩን ያስበላል። የጎደለው ዕውቀት እንዳይመስላችሁ፤ በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰከንድ ቆም ብሎ ገበታውን የማየት ልማድ ነው።

ትልቁ ኃይሉ ያለው በጥቃት ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ። ጠባቂ ያጣ የጦር ዕቃ ከዓይኑ አያመልጥም፤ ፈረሱ ንጉሥንና ግንብን በአንድ ጊዜ የሚያስጨንቅበትን ቦታ ከሩቅ ያነባል። ከሁሉ የሚወደው ግን የጥንቱን የጳጳስ መሥዋዕት፣ ማለትም ጥቃት ለመክፈት ጳጳስን ሆን ብሎ ማስበላትን ነው። ጳጳሱ ኤች7 ላይ ያለውን ወታደር በቼክ (ንጉሡን በማስፈራራት) ይበላል፣ ንጉሡ ጳጳሱን ሲበላ ፈረሱ ጂ5 ላይ ወጥቶ ዳግመኛ ቼክ ይላል፣ ከዚያም ንግሥቷ ወደ ኤች5 ትደርሳለች። ጥቁሩ ኤፍ6 ላይ ፈረስ ከሌለው፣ ጳጳሱም ሆነ ንግሥቱ ተመልሳ ኤች7ን መጠበቅ ካልቻለች፣ መሥዋዕቱ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ሁኔታው ሲሟላ ልጁ ጥቃቱን የሚመራበት ቅልጥፍና ማንንም ያስደስታል።

ችግሩ ሁኔታው ሳይሟላም ያንኑ ማድረጉ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጥቁሩ ትክክለኛ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ንጉሡን ወደ ጂ6 ማውጣት ሲሆን፣ ይህ ንጉሥን በገዛ እጅ ወደ እሳት መስደድ ስለሚመስል ሠላሳ ሰከንድ የቀረው ሰው ደፍሮ አይጫወተውም፤ ወደ ጂ8 ይሸሽና በንግሥቷ ይያዛል። ልጁ ያሸንፋል፤ ሬቲንጉም ይጨምራል። በብሊትዝ ተጋጣሚን ማስጨነቅ የጨዋታው አካል ስለሆነ መሥዋዕቱን አልነቅፍበትም፤ እኔም ብሆን በዚያ ሰዓት እሞክረው ይሆናል። የምነቅፈው ከጨዋታው በኋላ ያለውን ነው። ያሸነፈበትን ጨዋታ ተመልሶ አያየውም፣ ስለዚህ የሠራው መሥዋዕትና ተጋጣሚው ስለደነገጠ ብቻ ያለፈው መሥዋዕት በአእምሮው ውስጥ አንድ ሆነው ይቀመጣሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያለው ጠንቃቃ ተጫዋች ሲገጥመው ልዩነቱ ይገለጣል። አንባቢው የፈሩት ልማድ ይህን ከሆነ እስማማለሁ፤ መድኃኒቱ ግን ብሊትዝን መተው ሳይሆን ካሸነፋቸው ጨዋታዎች ጥቂቱን ኮምፒውተር ሳይከፍቱ በራስ ጭንቅላት መመርመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ፣ ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ ጨዋታው 40 እርምጃ ይፈጃል ብንል ለአንዱ በአማካይ 4.5 ሰከንድ ይደርሳል። ልጁ ከዚህም በታች ይጫወታል፣ ብዙ ጊዜም ተጋጣሚው ሰዓት ሲጨርስ በእሱ በኩል የተረፈ ጊዜ አለ። ታዲያ የተረፈውን ጊዜ ምን ላይ ሊያውለው ይችል ነበር? ተጋጣሚው የበላበትን መልሶ ለመብላት፣ ሌላ አማራጭ በሌለበት ሁኔታ፣ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል፤ ንግሥት በንግሥት ልለዋወጥ ወይስ አልለዋወጥ ለሚለው፣ የጨዋታው ዕጣ ለሚወሰንበት ጥያቄም ያንኑ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወሳኝ ጊዜያት ከሦስት አይበልጡም እንበል፤ ለእያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ ቢሰጥ ለቀሩት 37 እርምጃዎች 120 ሰከንድ ይተርፈዋል፣ ይህም ለእያንዳንዱ ከሦስት ሰከንድ በላይ ስለሆነ ከለመደው ፍጥነት አያጎድልበትም። ንግሥቶች ሊለዋወጡ ሲሉ፣ የመሐል ወታደሮች ሊጋጩ ሲሉ፣ መሥዋዕት ሊከፈል ሲል እንዲቆም ብቻ ነው የምመክረው።

በነገራችን ላይ፣ የአባቶቻችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይህን የፈጣንና የዝግታ ክፍፍል በሕጉ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ሲሆን፣ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው መበላላት ከተፈጸመ በኋላ ግን ተራ በተራ ይሆናል። ፈጣን ቼዝ ባህላችን አይደለም ለሚሉ ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

የልጁ ትልቁ ድክመት ያለው ጥቂት የጦር ዕቃ በሚቀርበት የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ነው። ንግሥቶች ተበልተው ከገበታው ከወጡ በኋላም ንጉሡን ጥግ አስቀምጦ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ንጉሥ ወደ መሐል ወጥቶ መዋጋት ያለበት ኃይል መሆኑን ገና አልተዋሐደውም። በተለይ ግንብ በግንብ ሆኖ ተጋጣሚው አንድ ወታደር ሲተርፈው፣ እኩል መውጣት የሚችለውን ጨዋታ ይሸነፋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ ፊሊዶር ያሳየው መከላከያ እኮ ቀላል ነው። ንጉሥን ከወታደሩ ፊት አቁሞ ግንብን ከራስ ወገን በሦስተኛው ረድፍ ላይ ማስቀመጥና የተጋጣሚው ንጉሥ እንዳያልፍ መከልከል፣ ወታደሩ እዚያው ረድፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ግንቡን ወደ ገበታው ማዶ ልኮ ከኋላ ቼክ ማለት ነው፤ ወታደሩ ከፊት ስለሄደ የተጋጣሚው ንጉሥ መጠለያ አያገኝም። ወጣቱ ግን ገና ወታደሩ ሳይገፋ ቼክ ማለት ይጀምርና ረድፉን ይለቃል። ይህንን በአንድ ከሰዓት በኋላ መማር ይቻላል፤ አንዴ ከተማሩት በኋላ በአንድ አንድ ሰከንድ የሚጫወቱት ስለሆነ ለብሊትዝ ከማንኛውም የመክፈቻ ወጥመድ የበለጠ ይጠቅማል።

ሲሸነፍ ተናዶ ወዲያው አዲስ ጨዋታ የመክፈት አመሉ የብዙዎቻችን ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ ሁለት ተከታታይ ሽንፈት ሲደርስበት ስልኩን ቢያስቀምጥ ይበቃል።

ከስልክ ወደ ገበታ ሲሸጋገር የሚጠብቀው ነገር ግን መነገር አለበት። በኢንተርኔት ላይ ተጋጣሚ ሳይጫወት የራስን ቀጣይ እርምጃ ቀድሞ ማዘዝ፣ ፕሪሙቭ የሚባለው፣ ይቻላል፤ ልጁም ሰዓት ሲያጥረው በዚህ ይተማመናል። በገበታ ላይ ይህ የለም፤ የነኩትን ማንቀሳቀስ፣ ሰዓቱንም በተጫወቱበት እጅ መጫን ግዴታ ነው። ስልኩ ሕገ ወጥ እርምጃን በራሱ ይከለክላል፤ በፊዴ የብሊትዝ ደንብ ግን የመጀመሪያው ሕገ ወጥ እርምጃ ለተጋጣሚ አንድ ደቂቃ ያስጨምራል፣ ሁለተኛው ጨዋታውን ያሳጣል። በፍቅር ሐይቅ አካባቢ ካፌዎች ስልክ ላይ አቀርቅረው ከሚጫወቱት ልጆቻችን ስንቶቹ ይህን እንደሚያውቁ እጠራጠራለሁ። ሌላው ምክሬ ጭማሪ የሌለበትን ሦስት ደቂቃ ትቶ፣ የዓለም ሻምፒዮናው እንደሚጠቀምበት፣ በየእርምጃው ሁለት ሰከንድ የሚጨመርበትን እንዲያዘወትር ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ የሚጠፋውን ሰከንድ በከፊል ይክሰዋል፤ በግንብና በወታደር ማብቂያ ላይም ዕውቀት እንጂ የጣት ቅልጥፍና እንዲወስን ያደርጋል። ፊሸር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይህን ጊዜ የሚጨምር ሰዓት በስሙ ያስመዘገበው ለዚሁ ነበር።

በመጨረሻ ለእናንተ አንድ ማሳሰቢያና አንድ ጥያቄ አለኝ። የኦንላይን ሬቲንግ ፊዴ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚያወጣው የብሊትዝ ሬቲንግ ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም፤ የተጫዋቾቹ ስብስብም ስሌቱም የተለያየ ነው። ስለዚህ በጽሑፋችሁ የልጁን ቁጥር ከግራንድ ማስተሮች (ከፍተኛውን የቼዝ ማዕረግ ከያዙ ተጫዋቾች) ቁጥር አጠገብ ማስቀመጣችሁ አንባቢን ያሳስታል። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እሱም ሆነ ስለ ሌላ ታዳጊ ስትጽፉ፣ ከቁጥሩ ይልቅ የአንድ ጨዋታ ሙሉ እርምጃዎችን፣ በየእርምጃው የፈጀውን ሰከንድ ጎን ለጎን አስፍራችሁ ብታወጡ እጠይቃለሁ፤ ቢቻል የተሸነፈበትን ጨዋታ ይሁን። ወጣቱ ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ ትንተናውን በነጻ ለማዘጋጀት እኔ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የቼዝ አሠልጣኝ፣ ከሐዋሳ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)