የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ መሪ ድምፃዊ የሌለው ዓመት

ጥቅምት ላይ ክበቡን ስንከፍት 23 ልጆች ተመዘገቡ። "ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። 19ኙ ድምፃዊ አሉ። ሁለቱ ጊታር፣ አንዱ ከበሮ። አንዷ ደግሞ "እኔ ማኔጀር" አለች።

የነበረን ዕቃ ይኸው ነው፦ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ ቀጭኗ ክሯ የተበጠሰች ጊታር። ለክሯ ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ እዚህ አላነሳም። "ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው፤ አምስት ክር ይበቃል" ብዬ አጽናናኋቸው። ጊታር የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣ። ውስጡ ብሮክን ሶሻል ሲን የሚባሉ የቶሮንቶ ሮከሮች አዲስ አልበም አለ። "ሀግ ኦፍ ተንደር" ይሰኛል፤ የነጎድጓድ እቅፍ እንደማለት ነው። የወጣው በ2009 ክረምት ስለሆነ ገና ትኩስ ነበር። ስብስቡን ኬቨን ድሩና ብሬንዳን ካኒንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ጀመሩት። ከዚያ ጓደኛ ጓደኛን እየጠራ፣ አባላቱ አንዴ 6፣ አንዴ 19 ይሆናሉ። ብዙዎቹ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፋይስት በራሷ ስም የታወቀች ዘፋኝ ናት፤ እዚህ ግን ድርሻዋን ዘፍና ለሌላው ትለቃለች። ከቀደመው አልበማቸው እስከዚህኛው 7 ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ልጆቹን የገረማቸው ሙዚቃው አይደለም። ሙዚቃውንማ "ጩኸት ነው" ብለው ግማሾቹ የመጀመሪያ ቀን ጥለው ወጡ። የገረማቸው መሪ ድምፃዊ አለመኖሩ ነው። "ታዲያ ቲቸር፣ ፖስተሩ ላይ ማን ይወጣል?"

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኛ ጋ አልበም ማለት በአብዛኛው የአንድ ሰው ፊት ነው። ባንዱ ከኋላ ቆሞ ይመታል። ጃኖ ባንድ በ2005 "ኤርታሌ"ን ይዞ ሲመጣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን ነበሩት። ለብዙው ጆሮ እንግዳ የሆነው ሮክነቱ ብቻ አይመስለኝም።

ለአንድ ወር ሐሙስ ሐሙስ አልበሙን ሰማን። እያንዳንዱ ልጅ በጆሮው የሚከታተለው አንድ መሣሪያ ይደርሰዋል። መሣሪያው ሲገባ እጁን ያወጣል፣ ሲጠፋ ያወርዳል። ትራምፔት የደረሳት ልጅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሲመጣላት ግን እጅ ማውጣቱ አይበቃትም፤ ከወንበሯ ትነሳለች። ድምፅ የደረሰው ልጅ ደግሞ ግራ ገባው። "ቲቸር፣ ዘፋኙ ጠፋኝ። መሣሪያው ውስጥ ገብቷል" አለኝ። ስለዚህ አልበም ከዚህ የተሻለ አስተያየት አልሰማሁም።

ጥምቀት እንዳለፈ የአንዷ ተማሪ አጎት መጡልን። አዝማሪ ናቸው። ማሲንቋቸውን ቃኙ፣ አንድ ሁለት ስንኝ አወረዱና ደጋኑን አንስተው ዝም አሉ።

"በሉ ስጡኝ።"

ልጆቹ ተያዩ።

"ግጥም ነዋ! እናንተ ካልሰጣችሁኝ ምኑን ልዘፍነው ነው?"

ከኋላ አንዱ "ተቀበሉ!" ብሎ ስለ ግቢያችን ካፌ ቀጭን ሻይ ሁለት መስመር ወረወረ። ተቀበሉት። ጨመሩበት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያለው፤ ያን ቀን ግን 23 ሰው ተጫወተበት። ፍላሹ ባይመጣ እሳቸውን መጥራት ትዝ እንደማይለኝም አልደብቅም።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራው በ"ተቀበል" ሆነ። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማንም ከሁለት መስመር በላይ አይዘፍንም። ድምፃዊ ካልሆንን ያሉ ልጆች በዚህ አኩርፈው ቀሩ። 14 ቀረን። አራት ዘፈን አወጣን፦ ሁለቱ በትዝታ፣ አንዱ በባቲ። የአራተኛውን ቅኝት አትጠይቁኝ።

ስቱዲዮ ዋጋው አልተቀመሰም። ስለዚህ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ገባን። ፍራሾቹን ግድግዳው ላይ አቆምን፣ የእኔን ሞባይል በገመድ ከጣሪያው አንጠለጠልነው። ሰኔ ነበር። አንዱን ዘፈን የባጃጅ ክላክስ ሁለት ጊዜ አበላሸብን። በሦስተኛው ሙከራ፣ ልክ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ነጎድጓዱ ተከተለ። ላቆመው ስንጠራራ ያቺ የትራምፔት ልጅ እጄን ያዘችኝ። "ቲቸር አያቁሙት፤ አቀፈንኮ!"

አላቆምኩትም። አሁንም አለበት። መስማት የሚፈልግ ፍላሹን ይዞ ክበቡ ቢሮ ይምጣ። ቫይረስ ያለበትን ግን አንቀበልም።

የሽፋኑ ነገር ሳምንት አጨቃጨቀን። የማን ፎቶ ይውጣ? በመጨረሻ የማንም ሳይወጣ፣ ስማችን በሀ ሁ ቅደም ተከተል ይጻፍ ተባለ። ስሙ በሀ የሚጀምረው ልጅ አንደኛ ላይ ተቀመጠ። ግቢው ውስጥ አሁን "መሪ ድምፃዊ" እያሉ ነው የሚጠሩት። የመታው ከበሮ ብቻ ነው።